ለስኖውሞቢል ሪቬትና ቡሎን አመራረጥ፦ የኋላ ዕቃ መጫኛ ለሚገጥሙ ዝርዝር መመሪያ

ስኖውሞቢል (በበረዶ ላይ የሚነዳ ማሽን) ላይ ሪቬት (በቀዳዳ ገብቶ ሁለት ላሜራዎችን የሚያጣብቅ ማሰሪያ) ራሱ ተቆርጦ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ቀዳዳው ነው። ሪቬቱ በቀዳዳው ውስጥ የፀጉር ያህል መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ በየጉብታው ላይ ላሜራውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል፤ ክብ የነበረው ቀዳዳ ቀስ በቀስ ሞላላ ይሆናል። እዚያ ከደረሰ በኋላ የቱንም ያህል ጠንካራ ሪቬት ብትመቱበት አይይዝም። ስለዚህ እዚህ ስለ ሪቬቱ ብረት ከምናወራው ይልቅ ስለ ቀዳዳው ልክና ስለ ላሜራው ውፍረት የምናወራው ይበዛል።

ለምሳሌ የምንወስደው ሥራ የኋላ ዕቃ መጫኛ መግጠም ነው። በሚኒሶታ፣ በአልበርታ ወይም በሰሜን ስዊድን ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው የቤንዚን ጀሪካንና ቦርሳ የሚጭንበት ቦታ ይፈልጋል። መጫኛው የሚቀመጠው በታነሉ ላይ ነው። ታነል የሚባለው ከመቀመጫው ሥር ሆኖ ትራኩን (ማሽኑን በበረዶ ላይ የሚገፋውን የሚሽከረከር ቀበቶ) ከላይ የሚሸፍነው የአሉሚኒየም ሳጥን ሲሆን፣ የብዙዎቹ ላሜራ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ስስ ነው። ይህንን ስስ ላሜራ በሁለት የማጠናከሪያ ሰሌዳዎች እናጠነክረዋለን፤ ሰሌዳዎቹን በሪቬት፣ መጫኛውን ደግሞ በቡሎን እናስራለን። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ክፈቱና ከኋላ የሚፈቀደውን ጭነት እዩ። ሰሌዳ ስለተጨመረ ያ ቁጥር አይጨምርም።

ዳዶ (በቡሎን ጫፍ ላይ የሚጠብቀው)፣ ሮንዴላ (ከቡሎን ወይም ከዳዶ ሥር የሚገባው ጠፍጣፋ ቀለበት)፣ ፑንታ (የመሰርሰሪያ መብሻ)፣ ላሜራ (ስስ የብረት ሰሌዳ) እያልን እንደ ጋራዡ እንጽፋለን። የአሜሪካ ሱቅ ሪቬት የሚሸጠው በኢንች ስለሆነ ግን ሁለቱንም ልክ እንሰጣለን።

መጀመሪያ ነባሮቹን ሪቬቶች እዩ

ታነሉን እጠቡና አድርቁ፤ ከዚያ ባትሪ አብርታችሁ እያንዳንዱን የሪቬት ቆብ ከቅርብ ተመልከቱ። በቆቡ ዙሪያ ግራጫ ወይም ጥቁር ዱቄት፣ ወይም ከቆቡ ተነስቶ ወደ ታች የወረደ የጥላሸት መስመር የመሰለ ነገር ካለ ያ ሪቬት ላልቷል። ዱቄቱ ቆሻሻ አይደለም፤ ሪቬቱና ላሜራው ሲፋተጉ የተፈጨ አሉሚኒየም ነው። በጨርቅ ብትጠርጉትም ከአንድ ጉዞ በኋላ ይመለሳል። አንድ ጣት ቆቡ ላይ አድርጋችሁ በሌላ እጃችሁ ላሜራውን ብትገፉ እንቅስቃሴው ይሰማችኋል።

በላሉ ሪቬቶች ላይ አዲስ ጭነት አትጨምሩ። መጀመሪያ አውጧቸው። አወጣጡም ልክ አለው። በቆቡ መሃል የሚታየውን የሚስማሩን ጉቶ (ሪቬቱ ሲመታ ተጎትቶ የተቆረጠውን ሚስማር ቀሪ) በቀጭን መምቻ ወደ ውስጥ ምቱት፤ እሱ እዚያው እያለ ከበሳችሁ ፑንታው ከጠንካራው ብረት ላይ ተንሸራቶ ለስላሳውን ላሜራ ይበላል። ቀጥሎ በሪቬቱ ልክ በሆነ ፑንታ ቆቡን ብቻ ብሱ፤ ቆቡ ሲለቅ ገላውን በመምቻ አውጡት። ሪቬቱ ከፑንታው ጋር አብሮ የሚሽከረከር ከሆነ መብሳቱን አቁሙ፤ በቆቡ ሥር ስል መሮ አስገብታችሁ ያዙት። አብሮ እየተሽከረከረ በቆየ ቁጥር ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

የወጣበት ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ የሚቀጥለውን ትልቅ ልክ ውሰዱ፤ ለምሳሌ ከ3/16 ወደ 1/4 ኢንች። ይህ የሚሆነው ግን ከቀዳዳው መሃል እስከ ላሜራው ጠርዝ ቢያንስ የአዲሱ ሪቬት ውፍረት ሁለት እጥፍ፣ ማለትም 13 ሚ.ሜ. ያህል ከቀረ ብቻ ነው። ካልቀረ ጠርዙ ይቀደዳል።

የትኛው ሪቬት?

መልሱ የሚወሰነው ኃይሉ በሚመጣበት አቅጣጫ ነው። ሁለት ላሜራዎች አንዱ በሌላው ላይ ሊንሸራተቱ ሲሞክሩ ኃይሉ ሪቬቱን ወደ ጎን ይቆርጣል፤ ሪቬት ለዚህ የተሠራ ነው። ላሜራው ከላሜራው ተላቆ ወደ ላይ ሊነሳ ሲሞክር ግን ኃይሉ ሪቬቱን ይነቅላል፤ ለዚህ ቡሎን ይሻላል። የዕቃ መጫኛ ሁለቱንም ያመጣል፦ ጀሪካኑ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲገፋ ይቆርጣል፤ ማሽኑ ጉብታ ላይ ሲነጥር ይነቅላል። 25 ኪሎ ዕቃ በአምስት እጥፍ ቢመታ 125 ኪሎ ነው፤ ያም መጫኛውን ለሚያስሩት ስድስት ቡሎኖች እኩል አይከፋፈልም፤ በአንዱ ጥግ ላይ ይበረታል። ሰሌዳው በሪቬት፣ መጫኛው በቡሎን ያልነው ለዚህ ነው።

በአንድ ወገን ብቻ ሆናችሁ የምትመቱት ተራ ሪቬት ከሁለት ነገር የተሠራ ነው፦ ከገላውና ከሚጎተተው ሚስማር። በ3/16 ኢንች (4.8 ሚ.ሜ.) ልክ ገላውም ሚስማሩም አሉሚኒየም የሆነው ወደ ጎን ሲጎተት 118 ኪሎ ያህል ይችላል። ሁለቱም ብረት ሲሆኑ ወደ 245፣ ሁለቱም ስቴይንለስ ሲሆኑ ወደ 430 ኪሎ ይደርሳል። እነዚህ በግምት የተቀመጡ ዝቅተኛ ቁጥሮች ናቸው፤ እንደ ቅይጡ ይለያያሉ፤ የሚሠሩትም ቀዳዳው በልኩ ከሆነ ብቻ ነው።

ስትራክቸራል የሚባለው ሪቬት ከተራው የሚለየው ሚስማሩ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ቀሪው በገላው ውስጥ ተቆልፎ መቅረቱ ነው። የተራው ሪቬት ገላ ባዶ ቱቦ ሆኖ ይቀራል፤ ሚስማሩ ላልቶ ሊወድቅ ይችላል፤ ውሃም በቱቦው ያልፋል። በስትራክቸራሉ ግን ኃይሉ የሚያርፍበት ቦታ ድፍን ነው። ለታነል ሰሌዳ የምንመርጠው ይህንን ነው፦ የአሉሚኒየም ስትራክቸራል፣ 3/16 ኢንች። አሉሚኒየም በብርድ እንደ ፕላስቲክ ስለማይሰባበር በዜሮ ሥር 30 ዲግሪም ቢሆን ባሕርዩ አይለወጥም።

አሉሚኒየም ገላና ተራ ብረት ሚስማር ያለውን ሪቬት ግን ለታነል አትግዙ። ርካሽ ስለሆነ በየሱቁ ሞልቷል። ውስጥ የቀረው የብረት ጉቶ በአንድ ክረምት ዝጎ ከየቆቡ ቡናማ እንባ ያወርዳል።

ቁጥሩን ማንበብና ርዝመቱን መወሰን

በአሜሪካ ሱቅ ተራ ሪቬት ላይ ሁለት አሃዞች ታያላችሁ፤ ለምሳሌ 64 ወይም 68። የመጀመሪያው ውፍረቱን በ32ኛ ኢንች ይነግራል፦ 6 ማለት 6/32፣ ማለትም 3/16 ኢንች። ሁለተኛው ሪቬቱ አጣብቆ የሚይዘውን ከፍተኛ ውፍረት በ16ኛ ኢንች ይነግራል፦ 4 ማለት 4/16፣ ማለትም 6.4 ሚ.ሜ.። ስለዚህ 64 የተባለው በግምት ከ3.2 እስከ 6.4 ሚ.ሜ. ውፍረት ይይዛል፤ 68 ደግሞ ከ9.5 እስከ 12.7። ስትራክቸራሉ እንደ አምራቹ ሌላ ቁጥር ስላለው በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውፍረት ልክ አንብቡ።

የእኛ ሥራ 2 ሚ.ሜ. ታነልና 2 ሚ.ሜ. ሰሌዳ፣ በመሃሉ ስስ ማሸጊያ ነው፤ ከ4 ሚ.ሜ. ትንሽ ይበልጣል። በተራ ሪቬት ቁጥር የ64 ልክ ይበቃል። «ረዘም ያለው ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሥራ አበላሽቷል። በጣም የረዘመ ሪቬት በጀርባ በኩል በደንብ ሳያብጥ ሚስማሩ ይቆረጣል፤ ከላይ ሲያዩት ያማረ ነው፣ ከሥር ግን አልጨበጠም። በጣም ያጠረው ደግሞ የሚያብጥበት ገላ ስለማይተርፈው ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል።

ለየሪቬቱ የሚሆነው ፑንታ ይህ ነው፦

- 1/8 ኢንች (3.2 ሚ.ሜ.)፦ 3.3 ሚ.ሜ.
- 5/32 ኢንች (4.0 ሚ.ሜ.)፦ 4.1 ሚ.ሜ.
- 3/16 ኢንች (4.8 ሚ.ሜ.)፦ 4.9 ሚ.ሜ.፣ ወይም በአሜሪካ ቁጥር 11 ፑንታ
- 1/4 ኢንች (6.4 ሚ.ሜ.)፦ 6.5 ሚ.ሜ.

5 ሚ.ሜ. ፑንታ እጃችሁ ላይ ስላለ ብቻ ለ3/16 አትጠቀሙበት። በእጅ ሲበሳ ፑንታ ትንሽ ስለሚወዛወዝ 5 የነበረው 5.2 ሆኖ ይወጣል፤ በመጀመሪያ ያልነው መንቀሳቀስ ከዚያ ይጀምራል።

ፕላስቲክ ሲሆን

የሞተር ክዳንና የጎን መሸፈኛ ፕላስቲክ ላይ ከታነሉ ተቃራኒ የሆነ ሕግ ይሠራል፤ ቀዳዳው ሰፋ ማለት አለበት። ምክንያቱ የሙቀት ለውጥ ነው። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው የፖሊኤቲሊን ሰሌዳ 20 ዲግሪ ካለበት ጋራዥ ወጥቶ በዜሮ ሥር 30 ሲቆም ከ6 እስከ 10 ሚ.ሜ. ድረስ ያጥራል። ያው ርዝመት አሉሚኒየም የሚያጥረው 1.2 ሚ.ሜ. ያህል ነው። ፕላስቲኩን ድርቅ አድርጋችሁ ከቸነከራችሁት ከሪቬት ወደ ሪቬት ይሰነጠቃል። አንዱን መሃል ቀዳዳ በልኩ ብሱ፤ ሌሎቹን በርዝመቱ አቅጣጫ ሞላላ አድርጉ። ሪቬቱ ሰፊ ቆብ ያለው፣ ጀርባው በሦስት ክንፍ የሚከፈት ዓይነት ይሁን፤ ወይም ከጀርባ ሮንዴላ አድርጉ።

የንፋስ መከላከያው ፖሊካርቦኔት ከሆነ በአጠገቡ ባለ ቡሎን ላይ የቡሎኑ ጥርስ እንዳይላላ የሚያጣብቅ ፈሳሽ አታድርጉ። ፈሳሹ ፖሊካርቦኔትን ከውስጥ ያሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ከቀዳዳው ዙሪያ ይወጣል። እዚያ ናይሎን ያለበት ዳዶ ይበቃል።

ዝገትና የብረት መጠላላት

የሚኒሶታ መንገድ በክረምት ጨው ይረጭበታል፤ ስኖውሞቢሉ በተጎታች ሲጓጓዝ ያ ጨዋማ ውሃ ከሥር ይረጨዋል። አሉሚኒየምና ስቴይንለስ በጨው ውሃ ውስጥ ሲነካኩ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የሚበላበትን ፍጥነት የሚወስነው የስፋታቸው ልዩነት ነው፦ ትንሽ የስቴይንለስ ሪቬት በሰፊ አሉሚኒየም ላይ ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ትንሽ የአሉሚኒየም ሪቬት በሰፊ የስቴይንለስ ሰሌዳ ላይ ግን ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የማጠናከሪያ ሰሌዳችሁ አሉሚኒየም ይሁን፤ 5052 የሚባለው ቅይጥ ጨው ይችላል፣ ሲታጠፍም አይሰነጠቅም። ካርቦን ፋይበር ከአሉሚኒየም ጋር ከስቴይንለስም የባሰ ነው፤ በመሃላቸው ማሸጊያ ሳይኖር አታገናኟቸው።

ቡሎኖቹ

ለመጫኛው ስድስት የኤም8 (8 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው) ቡሎን ያስፈልጋል፤ ለየሰሌዳው ሦስት። 8.8 የጥንካሬ ደረጃ፣ ዚንክ የተቀባ። ስቴይንለስ ያብለጨልጫል እንጂ በጥንካሬ ከዚህ አይበልጥም፦ የተለመደው የስቴይንለስ ደረጃ ኤ2-70 ላይመለስ መለጠጥ የሚጀምረው በ450 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) ሲሆን 8.8 የሚጀምረው በ640 ነው። በዚያ ላይ የስቴይንለስ ዳዶ በስቴይንለስ ቡሎን ላይ በፍጥነት ሲጠብቅ ጥርሱ ተበልቶ ይነክሳል፤ መጋዝ ካልሆነ አይፈታም። የግድ ስቴይንለስ ከሆነባችሁ ጥርሱን ማጣበቅ የሚከላከል ቅባት ቀቡና በእጅ ቁልፍ ቀስ ብላችሁ አጥብቁ።

ርዝመቱን ደምሩት፦ የመጫኛው እግር 4፣ ሰሌዳ 2፣ ታነል 2፣ ከሁለቱም ወገን ሮንዴላ 2 እና 2፣ ናይሎን ያለበት ዳዶ 8፣ ከዳዶው አልፎ የሚታይ ሁለት ጥርስ 2.5። ድምሩ 22.5 ነው፤ 25 ሚ.ሜ. ግዙ። ሮንዴላው ሰፊ፣ 24 ሚ.ሜ. የሆነው ይሁን። ቀዳዳው 8.5 ሚ.ሜ.።

አቅጣጫው ላይ አንሳሳት። የቡሎኑ ቆብ ወደ ታነሉ ውስጥ፣ ዳዶው ወደ ውጭ ይሁን። ውስጥ የሚሽከረከረው ትራክ ነው፤ ወደ ውስጥ የወጣ የቡሎን ጫፍ በረዶ ሲጠራቀም ትራኩን ይቀደዋል። ቆቡ ዝቅ ያለውንና ክቡን ምረጡ፤ ከሮንዴላው ጋር 6.5 ሚ.ሜ. ያህል ብቻ ይወጣል። የትራኩ ጥርስ ላይ የብረት ሾህ ያላችሁ ሰዎች ከጫፉ እስከ ታነሉ ያለውን ክፍተት ለክታችሁ ቡሎኖቹን ከሾሆቹ መስመር ውጭ አድርጉ።

የመጫኛው እግር ክፍት ቱቦ ከሆነ በውስጡ ቡሎኑን የሚያቅፍ የብረት ቀለበት አስገቡ። ያለ እሱ ቡሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ይጨመደዳል፤ ኋላም ይላላል።

ከውስጥ እጅ የማይደርስበት ቦታ ላይ ሪቬት ዳዶ (እንደ ሪቬት በላሜራው ላይ የሚጨበጥ ዳዶ) መጠቀም ይቻላል፤ ለኤም6 ቀዳዳው 9 ሚ.ሜ. ነው። ለቦርሳ ማሰሪያና ለመብራት ይሆናል፤ ለመጫኛው እግር አይሆንም፤ በሚነቅል ኃይል ስስ ላሜራ ላይ ይሽከረከራል ወይም ተጎትቶ ይወጣል። የሰስፔንሽንና የመሪ ቡሎኖችን ደግሞ በፋብሪካው ልክና ደረጃ እንጂ በሌላ አትተኩ።

ሥራው በቅደም ተከተል

1. ባትሪውን ንቀሉ፤ መቀመጫውንና የቤንዚን ታንኩን አውጡና ከክፍሉ አርቁ። ብረት ሲበሳ ብልጭታና የጋለ ፍቅፋቂ ሊኖር ይችላል፤ ታንኩ ደግሞ ታነሉ ላይ ነው የሚቀመጠው። ሰስፔንሽኑንና ትራኩን ከሥር አውጡ።

2. የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘውን ቱቦ ፈልጉ። በብዙ ማሽኖች ላይ ከታነሉ ጣሪያ ሥር ይሄዳል፤ እሱን የበሳ ሰው ሥራው እዚያው ቆመ ማለት ነው። ከሥር ሆናችሁ ጠርዙን ለኩ፤ ከላይ በቴፕ ምልክት አድርጉ፤ ከቴፑ 15 ሚ.ሜ. ራቁ። ፑንታው ላይም ከጫፉ 8 ሚ.ሜ. ትታችሁ ቴፕ ጠምጥሙ፤ ከዚያ በላይ እንዳይገባ።

3. የታነሉን ውፍረት በካሊፐር በሦስት ቦታ ለኩ። ቀለም ካለ ፍቁት። ስንጥቅ ካገኛችሁ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ልክ 3 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ብሱ፤ ሳይበሳ ሰሌዳ ከሸፈናችሁት ስንጥቁ በሥሩ መሄዱን ይቀጥላል።

4. ከ2 ሚ.ሜ. አሉሚኒየም 150 በ400 የሆኑ ሁለት ሰሌዳዎች ቁረጡ። ጥጎቹን በ15 ሚ.ሜ. አክቡ፤ ስል ጥግ ስንጥቅ ይጀምራል። ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ።

5. ከጠርዙ 10 ሚ.ሜ. ገብታችሁ ዙሪያውን መስመር አስምሩ። በረጅሙ ጎን በየ29 ሚ.ሜ. 14 ነጥብ፣ በአጭሩ ጎን በመሃል ተጨማሪ 4 ነጥብ፤ ለአንድ ሰሌዳ 36፣ ለሁለቱ 72 ሪቬት። የጥግ ነጥቦቹ ከተከበበው ጠርዝም 10 ሚ.ሜ. እንዲርቁ ትንሽ ወደ መሃል ሳቧቸው። 100 ግዙ፤ ለመለማመጃና ለተበላሸው ይሆናል። ነጥቦቹን በመምቻ ምቱና ሰሌዳውን ብቻ በ3 ሚ.ሜ. ብሱ።

6. ሰሌዳውን ታነሉ ላይ አስቀምጡ፤ አንድ ጥግ ብሱና በክሊኮ (በስፕሪንግ የሚያዝ ጊዜያዊ ሪቬት) ያዙት። ቀጥሎ የተቃራኒውን ጥግ፣ ከዚያ ሌሎቹን። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ምልክት አድርጎ መብሳት አይሠራም፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ አንድ ሚሊ ሜትር ይስታል።

7. ሁሉንም ወደ 4.9 አስፉ። አሁን ሰሌዳውን አንሱ። ይህንን እርምጃ የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን በሁለቱ ላሜራዎች መሃል የቀረው ፍቅፋቂ አያገጣጥማቸውም፤ በኋላ ተፈጭቶ ሲወጣ ሪቬቱ ይላላል። በ10 ሚ.ሜ. ፑንታ በእጅ እያዞራችሁ የቀዳዳውን ስለት አንሱ፤ አንድ ዙር ይበቃል። በአልኮል ጥረጉ፤ ስስ ማሸጊያ ቀቡና መልሳችሁ በክሊኮ ያዙ።

8. ሪቬቱን ከሥር፣ ማለትም ከትራኩ ወገን አስገቡ። ያበጠው ጀርባ ከላይ ይሆናል፤ ትራኩ የሚያየው ጠፍጣፋውን ቆብ ብቻ ነው። ከመሃል ጀምራችሁ አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ እያላችሁ ወደ ጫፎቹ ሂዱ። በአንድ እጅ የሚጨመቀው መሣሪያ ለስትራክቸራል አይበቃም፤ ረጅም ሁለት እጀታ ያለው ወይም በአየር የሚሠራ ያስፈልጋል። መሣሪያውን ቀጥ አድርጋችሁ ቆቡን በደንብ ገፍታችሁ ጎትቱ። ከየአሥሩ አንዱን ፈትኑ፦ በቆቡና በላሜራው መሃል ወረቀት ሊገባ አይገባም። ከገባ አውጡትና እንደገና ምቱ።

9. የቡሎን ቀዳዳዎቹን ከሰሌዳው ጠርዝ ቢያንስ 20 ሚ.ሜ. ገብታችሁ ብሱ። ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል መጀመሪያ በከፊል፣ ቀጥሎ እስከ 25 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ናይሎን ያለበት ዳዶ አንዴ ከተፈታ በአዲስ ይተካ። ጭስ ማውጫው አጠገብ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነ የሚቆልፍ ዳዶ ይሁን፤ ናይሎኑ ከ120 ዲግሪ በላይ አይችልም።

10. በየዳዶው ላይ ከዳዶው እስከ ሰሌዳው በቀለም እስክሪብቶ መስመር አስምሩ።

ሰስፔንሽኑን መልሳችሁ ከገጠማችሁ በኋላ ማሽኑን አንሱና ትራኩን በእጅ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩት፤ የሚነካ ድምፅ ካለ የትኛው ቆብ እንደሆነ አግኙ። የመጀመሪያውን 50 ኪሎ ሜትር ያለ ጭነት ንዱ። ስትመለሱ መስመሮቹን እዩ፦ የተሰበረ መስመር ካለ ያ ዳዶ ዞሯል፤ ናይሎኑ ስለተጎዳ እሱን ከማጥበቅ አዲስ አድርጉበት። በሪቬቶቹ ዙሪያ ግራጫ ዱቄት ከታየ ደግሞ የላላው አንድ ብቻ ቢሆንም ጎረቤቶቹን ሁለቱንም አብራችሁ ቀይሩ፤ የእሱን ድርሻ ሲሸከሙ የቆዩት እነሱ ናቸው።